የማክሊዮድ ገበታዎች

ድንኳኑን ነፋስ እንዳይወስደው በአራቱም እግሮቹ ላይ ውሃ የተሞላ ጀሪካን ታስሯል። ገመዱን እያጠበቁ የሚዞሩት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። አንገታቸው ላይ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው የሱፍ ሻርፕ ጠምጥመዋል፤ ሣሩ ላይ ተንበርክከው አልላላ ያለውን ቋጠሮ በጥርሳቸው ይስባሉ። «ላግዝዎት?» ብዬ ጠጋ ስል፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ የገመዱን ጫፍ አቀበሉኝ። ስሜን የጠየቁኝ ሦስተኛውን ጀሪካን አስረን ከጨረስን በኋላ ነው።

ቦታው ኤድንብራ፣ ሆሊሩድ ፓርክ ነው። ጊዜው ጁላይ 2009። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስኮትላንድ ገጣሚዋ ሮበርት በርንስ የተወለደበትን 250ኛ ዓመት ስታከብር፣ ዓመቱን «ወደ ቤት መመለሻ» ብላ ሰይማ በየአህጉሩ የተበተኑትን ልጆቿን ጠርታ ነበር። የጥሪው ትልቁ ድግስ በ25 እና በ26 የተደረገው የክላኖች ጉባኤ ነው። በሁለቱ ቀናት 47,000 ያህል ሰው ወደ ፓርኩ ገባ። ዛሬ ንጉሥ የሆኑት ልዑል ቻርልስ ከፈቱት። ከአሜሪካ፣ ከካናዳ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከኒው ዚላንድ የመጡ ሰዎች ኪልት የሚባለውን ጉርዳቸውን ታጥቀው ከድንኳን ድንኳን እየዞሩ የአያቶቻቸውን ስም ይፈልጋሉ።

እኔን ወደ ስኮትላንድ የሳበኝ ግን የአያቶቼ ስም አልነበረም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው። በ1770 ጎንደር ገብቶ፣ በዚያው ዓመት በኖቬምበር የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቶ፣ ያዕቆብ ተብሎ እየተጠራ በአገራችን የኖረው፣ የመጽሐፈ ሄኖክን የግዕዝ ቅጂዎች ይዞ የተመለሰው ብሩስ። ከለንደን ተነስቼ ላርበርት በምትባለው ትንሽ ከተማ መቃብሩ ላይ የቆመውን የብረት ሐውልት ለማየት ሄጄ፣ ወደ ኤድንብራ ስመለስ ባቡሩ በሙሉ ኪልት የለበሰ ሰው ሆኖ አገኘሁት። ተከትያቸው ሄድኩ፤ እግሬም ከማክሊዮዶች ድንኳን አደረሰኝ።

«ክላን» የሚለውን ቃል «ጎሳ» ብዬ ልመልሰው እችል ነበር። አልፈለግኩም። ጎሳ የሚለው ቃል ዛሬ እኛ ዘንድ የተሸከመው ሸክም ከባድ ነው፤ የእነርሱንም ነገር በልኩ አይገልጸውም። በጌሊክ ቋንቋ ቃሉ «ልጆች» ማለት ነው። ማክሊዮዶች በ13ኛው መቶ ዓመት የኖረ ሊዮድ የሚባል ሰው ልጆች ነን ይላሉ፤ «ማክ»ም ራሱ «የእገሌ ልጅ» ነው። ነገር ግን የሊዮድ ደም የሌለበት፣ በአለቃው መሬት ላይ ያረሰ፣ ከአለቃው ጋር የዘመተ ሰውም በዚያው ስም ተጠርቷል። እንግዲህ ክላን ቤተ ዘመድም ነው፣ የጌታና የጭሰኛ ቤትም ነው። ይህ ሁለትነቱ በኋላ ላይ ብዙ ነገር አስረድቶኛል።

ሴትየዋ ከካናዳ የመጡ ጡረተኛ መምህርት ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ እሳቸውም እንዲጻፍላቸው የሚፈልጉ ዓይነት ሰው አይደሉም። ሻይ ቀድተውልኝ ከተቀመጥን በኋላ ጠረጴዛው ላይ የተገለጠውን ደብተራቸውን አየሁት። ዳሩ በዝናብ ያበጠ፣ በላስቲክ የታሰረ ደብተር ነው። አንዱ ገጽ ላይ የድንኳን ኪራይ፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ ስድስት ወንበር፣ ፕላስተር፣ መቀስ፣ መርፌ ቁልፍ፣ ፔርሙስ ይላል። ከጎኑ ባለው ገጽ ላይ የሰው ስም ተደርድሯል፤ ከየስሙ ፊት ደግሞ አጭር አጭር ማስታወሻ አለ። ደረጃ መውጣት አይችልም። ስኳር አለባት፣ እራት አንድ ሰዓት ላይ። ከወንድሙ ጋር አይነጋገርም፣ አንድ መኪና ውስጥ እንዳይገቡ። የመጨረሻውን ሳነብ ደብተሩን ዘጋ አደረጉት፤ ከዚያ አዩኝና መልሰው ከፈቱት።

እኔም ለንደን ውስጥ የአንድ ዕድር ገንዘብ ያዥ ሆኜ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን ደብተር አውቀዋለሁ። ሰው ስለ እንዲህ ያለ ጉባኤ ሲያስብ የሚታየው ባንዲራውና ሙዚቃው ነው፤ ድግሱ የሚቆመው ግን በዚህ ገጽ ላይ ነው። በአንድ የበጋ ዝግጅታችን አዳራሹን ያከራየን ሰው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዋጋ ጨመረብን። ልጆቹ የባህል ልብሳቸውን አሰፍተዋል፣ እንጀራው ታዝዟል፣ ወዴት ይኬዳል? አምስት ቤተሰቦች ከኪሳችን አዋጣን። ገንዘቡ አልተመለሰልንም፤ እስከ ዛሬም አንስተነው አናውቅም፤ በዘመድ መካከል እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም።

«ለዚህ ቀን ስንት ጊዜ ፈጀባችሁ?» አልኳቸው።

«ከሁለት ዓመት በላይ» አሉኝ። «መጀመሪያ ቀኑን መምረጥ አለ። ኦገስት ከሆነ ኤድንብራ በፌስቲቫሉ ይሞላል፣ አልጋ አይገኝም፣ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ሰፕቴምበር ከሆነ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው። አንዱ ኮሚቴያችን ውስጥ ያለ ሰው የሚኖረው ኒው ዚላንድ ነው። እኛ በስልክ ስንሰበሰብ እሱ ሌሊት ይነሳል። ሚስቱ አንድ ቀን ስልኩን ተቀብላ ተቆጥታናለች፤ እውነቷን ነው።»

ምዝገባውም ራሱ ፈተና ነው። በፊደል ተራ እናሰልፍ ቢሉ ግማሹ ሰው በ«ማክ» ይጀምራል። አንዱን ስም አንዱ ቤተሰብ ማክሊዮድ ብሎ፣ ሌላው መክላውድ ብሎ፣ ሦስተኛው አሜሪካ የወረደ ቅድመ አያቱ ጸሐፊው እንደሰማው በጻፈለት አኳኋን ይጽፈዋል። የአንዱ መዝገብ ከሌላው አይገጥምም። የቤተሰብ ስም በሚል ሣጥን ውስጥ የአያቴን ስም ስጽፍ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝና፣ ለመዝጋቢዋ ልጅ አዘንኩላት፤ ለተመዝጋቢዎቹም አዘንኩላቸው።

ከዚያ ማን ከማን ይቀድማል የሚለው አለ። ለውጭ ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል። ማክዶናልዶች በጦርነት በቀኝ ክንፍ መቆም ከጥንት የተሰጠን መብት ነው ይላሉ። ኤፕሪል 16 ቀን 1746 በኩሎደን ሜዳ ዙፋን ፈላጊው የስቱዋርት ወገን ጦር ለመጨረሻ ጊዜ ሲሰለፍ በግራ አቆሟቸው፤ ቅሬታው እስከ ዛሬ ይነገራል። ካምቤሎችና ማክዶናልዶች ደግሞ ግሌንኮ አለባቸው። በፌብሩዋሪ 1692 በአንድ የካምቤል ሰው የሚመሩ ወታደሮች በግሌንኮ ማክዶናልዶች ቤት ሁለት ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ በእንግድነት ተቀምጠው፣ በልተው ጠጥተው፣ በ13ኛው ቀን ንጋት ላይ በመንግሥት ትእዛዝ ያስተናገዷቸውን ሰዎች ገደሉ። የተገደሉት 38 ያህል ናቸው፤ ወደ በረዶው ሸሽተው በብርድ ያለቁም አሉ። በስኮትላንድ ታሪክ ውስጥ ከዚያ የበለጠ ሰው የሞተበት እልቂት ሞልቷል። ይህኛው ሦስት መቶ ዓመት አልፎም ያልተረሳው ማዕድ ስለተካደበት ነው። እንጀራ የቆረሰ እጅ ሰይፍ ሲመዝ ምን እንደሚባል ለኛ አገር ሰው አይነገረውም።

ቅዳሜ ማታ ክላኖቹ ከሆሊሩድ ቤተ መንግሥት ተነስተው ሮያል ማይል በሚባለው ዳገት ወደ ኤድንብራ ምሽግ ወጡ። 8,000 ያህል ሰው። እኔ መንገዱ መሐል አካባቢ፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ጋር ተጣብቄ ቆሜያለሁ። የባግፓይፕ ድምፅ በጠባቡ መንገድ ውስጥ ሲገባ ደረት ይመታል። ከሁሉ ዓይኔ ላይ የቀረው ግን አንድ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። የሚገፋቸው ጎረምሳ የልጅ ልጃቸው ሳይሆን አይቀርም። ዳገቱ በጥርብ ድንጋይ የተነጠፈ ነውና የፊት ጎማው ሁለት ድንጋይ መካከል ገብቶ ቀረ። ሰልፉ ከኋላ ይገፋል። ከሌላ ክላን፣ የልብሱ መስመር ፈጽሞ የማይመሳሰል አራት ሰዎች ከሰልፋቸው ወጥተው ወንበሩን እንዳለ አነሱትና ሃያ እርምጃ ያህል ተሸክመው ሄዱ። ሽማግሌው ወደ ሕዝቡ እጃቸውን ያነሳሉ፣ ፊታቸው በእንባ ርሷል። ማን እንደሆኑ፣ ከየት እንደመጡ አላውቅም። ከዚያ ምሽት ብዙውን ብረሳም እሳቸውን አልረሳም።

በማግስቱ ድንኳኖቹ ፈረሱ፣ ሰው ተበተነ። ሒሳቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዝግጅቱን ለማሰናዳት የተቋቋመው ኩባንያ ከሰረ። የመንግሥት ኦዲተሮች ባወጡት ሪፖርት ኪሣራው 516,000 ፓውንድ ነበር። የስኮትላንድ መንግሥት ያበደረው 180,000 ፓውንድ ሳይመለስ ቀረ፣ ዕቃና አገልግሎት ያቀረቡ ከመቶ በላይ የግል ድርጅቶች ገንዘባቸውን ሳያገኙ ቀሩ። በሌላ በኩል ጉባኤው ለስኮትላንድ ኢኮኖሚ ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዳስገባ ተገመተ። ሆቴሉ፣ ምግብ ቤቱ፣ ታክሲው፣ የሱፍ ሱቁ ተጠቅሟል። ድንኳኑን የተከለው፣ ድምፅ ማጉያውን ያከራየው ዕዳ ላይ ቀረ።

ይህን በጋዜጣ ሳነብ በጣም አዘንኩ፤ እንግዳ ግን አልሆነብኝም። የነገሩ ችግር ከሒሳብ አያያዝ ይልቃል ብዬ አስባለሁ። ወደ ጉባኤው የሚመጣው ሰው ዘመድ ነኝ ብሎ ይመጣል። ዘመድ ደግሞ በር ላይ ትኬት ሲጠየቅ ቅር ይለዋል፤ ከፍሎ ከገባ ደግሞ ደንበኛ ይሆንና ወንበሩ ለምን አነሰ፣ ሰልፉ ለምን አልታየኝም ብሎ ይሞግታል። በሁለቱም እውነት አለው። አዘጋጁ ሰውየውን በእንግድነት ይቀበለው ወይስ በደንበኝነት? በእንግድነት ከተቀበለው ወጪውን ማን ይሸፍናል? ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ሜዳ ሙሉ ድንኳን ቢተከል ነፋስ ባይወስደው ዕዳ ይወስደዋል።

ካናዳዊቷ ሴት ስንለያይ አድራሻቸውን ጽፈው ሰጥተውኝ ነበር። «ይህ የከተማው ነው» አሉኝ። «የኛን ማየት ከፈለግህ በሚመጣው ዓመት ዳንቬገን ና።»

ሄድኩ። ዳንቬገን ያለባት ስካይ የምትባለው ደሴት ከ1995 ጀምሮ በድልድይ ከየብሱ ተያይዛለች፤ ቢሆንም ሩቅ ናት። ወደ ዳር በተጠጋህ ቁጥር መንገዱ ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቃ ይሆናል፤ በየተወሰነ ርቀት ወጣ ያለች መጠበቂያ አለች፣ ከፊት የሚመጣ መኪና ካየህ እዚያ ገብተህ ታሳልፈዋለህ። ያለፈህ ሰው ሁሉ ጣቱን አንስቶ ያመሰግናል። የማክሊዮድ አለቆች ለ800 ዓመት ያህል የያዙት ምሽግ ባሕሩ ዳር ካለ ዓለት ላይ ተቀምጧል። መንደሩ ትንሽ ነው። ከአራት አህጉር ለመጣ ሰው የሚበቃ አልጋ የለውም፤ ከፊሉ ሰው በገበሬ ቤት፣ ከፊሉ በድንኳን፣ ሌላው አንድ ሰዓት በመኪና ተጉዞ ያድራል።

ስብሰባውን ፓርላማ ይሉታል። በየአራት ዓመቱ ይደረጋል። መጀመሪያ የተደረገው በ1956 ሲሆን የጀመሩት 28ኛዋ አለቃ ፍሎራ ማክሊዮድ ናቸው። በ1878 ለንደን ውስጥ ዳውኒንግ ስትሪት ላይ ነው የተወለዱት፣ አያታቸው የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትር ስለነበሩ። አለቅነቱን በ1935 ወረሱ። ሌላው ሰው በሚያርፍበት ዕድሜ ተነስተው አሜሪካን፣ ካናዳን፣ አውስትራሊያን፣ ኒው ዚላንድን ዞሩ፤ በየደረሱበት ማኅበር አቋቋሙ። 98 ዓመት ኖረው በ1976 ዐረፉ። ክላን የሚለውን ነገር ከመሬት አላቅቀው በሰው ላይ ያኖሩት እሳቸው ይመስሉኛል።

ከምሽጉ ደጃፍ ሲታይ በባሕሩ ማዶ አናታቸው እንደ ጠረጴዛ የተላጨ ሁለት ተራሮች አሉ። የማክሊዮድ ገበታዎች ይባላሉ። አፈ ታሪኩን የነገሩኝ በአንደኛው ዳገት ላይ ነው። ከ16ኛው መቶ ዓመት አለቆች አንዱ፣ ጎባጣው አላስዴር፣ ኤድንብራ ከንጉሡ ግብር ላይ ተቀምጦ ሳለ አንድ የቆላው አገር ባላባት የማያውቅ መስሎት፣ «በደሴትህ እንዲህ ያለ አዳራሽ፣ እንዲህ ያለ ገበታ፣ እንዲህ ያለ መቅረዝ አለ ወይ?» አለው። አላስዴርም፣ «የሚበልጥ አለ፣ መጥተህ እይ» አለው። ሰውየው በመጣ ጊዜ ወደ ተራራው አናት አወጣው። ጣሪያው ከዋክብት የሞላው ሰማይ፣ ገበታው ተራራው ነው። ዙሪያውን ችቦ ይዘው የቆሙ የክላኑ ሰዎች መቅረዞቹ ናቸው። «ከብርና ከወርቅ የከበሩ መቅረዞቼ እነዚህ ናቸው» አለው ይባላል።

ውብ ተረት ነው። ስሰማው ግን ልቤ የሄደው ችቦ ይዘው ወደቆሙት ነው። ሌሊቱን በሙሉ ቆመዋል። እነርሱስ በልተው ይሆን?

የዚህ ቤት ታሪክ በሁለቱም በኩል ይሄዳል። በ1739 ከስካይና ከአካባቢዋ ደሴቶች ሰዎች በግድ ተይዘው ወደ አሜሪካ ሊሸጡ መርከብ ላይ በተጫኑ ጊዜ፣ በሴራው ስማቸው ከተነሳው መካከል የዚያን ዘመን የማክሊዮድ አለቃ ይገኝበታል። መቶ ዓመት አልፎ፣ በ1840ዎቹ ድንች በበሽታ ሲያልቅና ረሃብ ሲገባ ደግሞ፣ 25ኛው አለቃ ኖርማን ማክሊዮድ ያለውን ሁሉ ለሕዝቡ እህል አውጥቶ ከሰረ። ምሽጉን ትቶ ለንደን ወረደ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጥሮ ደመወዝ ሲቆጥር ኖረ። አንዱ አለቃ ሰውን እንደ ዕቃ አየ፣ ሌላው በሰው ምክንያት ደኸየ። ሁለቱም በአንድ ምሽግ ውስጥ፣ በአንድ ስም ነው የኖሩት። ከኩሎደን ሽንፈት በኋላ የአለቆች የመፍረድ ሥልጣን በሕግ ተሻረ፣ የስኮትላንድ ደጋ ሰው ልብሱ እንኳ እስከ 1782 ድረስ ተከለከለ፤ አለቃውም ቀስ በቀስ አከራይ ሆነ። በብዙ ቦታ ገበሬው ተነስቶ በግ ገባ። የዛሬዎቹ ጎብኚዎች ያኔ በመርከብ የተጫኑት ሰዎች ልጆች ናቸው።

ምሽጉ ራሱ ያረጀ ቤት ነው፤ ጣሪያው ያፈሳል። በ2000 የያኔው አለቃ ጣሪያውን ለማስጠገን ብለው ብላክ ኩሊን የተባለውን የተራራ ሰንሰለት በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ለሽያጭ አቀረቡ፤ ተራራ ይሸጣል ወይ ተብሎ አገር ተነሳ፣ ሽያጩም ሳይሆን ቀረ። እኔ አልፈርድባቸውም። ድንጋይ ወርሶ ድንጋዩን መጠበቂያ ያጣ ሰው ጭንቀት ይገባኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሴትየዋ ጋር የቀደሙት አለቆች የተቀበሩበትን፣ ጣሪያ አልባውን የኪልሙር ቤተ ክርስቲያን አይተን ስንመለስ ጥያቄዬን ጠየቅኳቸው። አያቶቻቸው ከዚህ ደሴት ነው የተሰደዱት። ታዲያ ለምን ወደዚህ ይመለሳሉ? ለምን ሁለት ዓመት ደክመው፣ ከጡረታቸው ቆርጠው ይመጣሉ?

ረጅም መንገድ ዝም አሉ። «ቅድመ አያቴ ከዚህ ስትወጣ የሸኛት የለም» አሉኝ። «የሚሸኛትም ሰው አብሯት ተሳፍሮ ነበር። እኔ የመጣሁት ምሽጉን ለማየት አይደለም። ያኔ መርከቡ ላይ አጠገቧ የተቀመጡትን ሰዎች የልጅ ልጆች ለማየት ነው። አንዱ አውስትራሊያ ነው፣ አንዷ ካሮላይና ናት። የት ሌላ ቦታ እንገናኛለን?»

የመጨረሻው ምሽት በመንደሩ አዳራሽ ኬሊ ነበር፤ ቫዮሊንና አኮርዲዮን የሚጫወቱበት፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም እጅ ለእጅ ተያይዞ የሚጨፍርበት ግብዣ ነው። ምግቡን ያበሰሉት ራሳቸው ናቸው፤ ከወጥ ቤቱ መስኮት የሚያቀብሉትን ሴት ቀን ላይ ስብሰባውን ሲመሩ አይቻቸው ነበር። አለቃ የለበትም፣ እንግዳ የለበትም ማለት አልችልም፤ ግን ሳህን ያላጠበ ሰው አላየሁም። ከኒው ዚላንድ የመጣው፣ ሌሊት እየተነሳ ስልክ የሚያነሳው ሰውዬ እጅጌውን ሰብስቦ ብርጭቆ ያጥባል፣ ሚስቱ ታደርቃለች።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሙዚቃው ቆመ። ወንበሮቹ በውሰት የመጡ ናቸውና ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መመለስ አለባቸው። ሴትየዋ ደብተራቸውን ከፍተው ቆጠሩ፣ አራት ጎደለ፣ እንደገና ቆጠሩ፣ በረንዳ ላይ ተገኙ። ከዚያ ደብተሩን በላስቲክ አስረው ኪሳቸው ከተቱና ረጅሙን የእንጨት ጠረጴዛ በአንድ ጫፍ ያዙት።

«በዚያ በኩል ያዝልኝ» አሉኝ። «እግሩ ላላ ብሏል፤ ቀስ ብለህ አንሳው።»